የበረቱ ጣሪያ ሰማያዊ ኳስ

መብረቅ ሰማያዊ ኳስ ውስጥ እንደሚኖር የነገረኝ አያቴ ክኑት ነው። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ አያቴ ያለውን ሁሉ አምን ነበር፣ «እኔ በተወለድኩበት አገር በበጋ ፀሐይ አትጠልቅም» የሚለውን ጭምር። ይኼኛው ኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ።

በበረታችን ጣሪያ ላይ ሦስት የመብረቅ ዘንጎች ቆመው ነበር። እያንዳንዱ ዘንግ ወገቡ ላይ አንድ የብርጭቆ ኳስ ተሰክቶበታል። ትልቅ ብርቱካን ያክላል፤ ቀለሙም እንደ ቀለም ብልቃጥ የጠለቀ ሰማያዊ ነው። በመኖሪያ ቤታችን ጣሪያ ላይም አንድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግቢያችንን ከሩቅ የምለየው በእነዚያ ኳሶች ነበር።

«ዘንጉ መብረቁን ይጠራዋል፣ ኳሷ ትውጠዋለች» አለኝ አያቴ። «መብረቅ ረጅም ነገር ይወዳል። ዛፍ አይቶ፣ ጣሪያ አይቶ፣ ረጅም ሰው አይቶ አያልፍም። ለዚህ ነው ከፍ አድርገን የሰቀልናት።»

«እስካሁን ስንቱን ውጣለች?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ሆዷን አይተሽ ፍረጂ።»

ሆዷን አየሁ። በሰማያዊው ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁ መሰለኝ። ደመና መሆን አለበት።

አያቴም ይህን የሰማው ዘንጎቹን ከሸጠለት ሰው ነው። ሰውዬው ትንሽ የእንጨት ቤት በመኪናው ጭኖ እየዞረ፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ እያቃጠለ ገበሬውን ያስደነግጥ ነበር አሉ። «ኳሷ ከተሰበረች መብረቅ መጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ካልተሰበረች አልመጣም» ብሏቸው ሄደ። እሱ ሄደ፣ ቃሉ ግን ቀረ። እኛ ሚኒሶታ የሰፈርን ኖርዌዮች ሰው ቶሎ አናምንም፤ አንዴ ካመንን ደግሞ አያድርስ ነው።

ይህ እምነት ሥራ ላይ የሚውለው በእሳት ማኅበሩ ነበር። የአንድ ገበሬ በረት ሲቃጠል የማኅበሩ አባላት እንጨቱንም ጉልበቱንም አዋጥተው መልሰው ያቆሙለታል። ታዲያ እሳቱ ከእግዜር የመጣ እንደሆነ ነው እንጂ፣ በቤተሰቡ ዝርክርክነት የመጣ ከሆነ መዶሻ የሚያነሳለት የለም። ስለዚህ የማኅበሩ ሰዎች እሳት በተነሳ ማግስት መጥተው መጀመሪያ የሚፈልጉት ኳሷን ነው። ተሰብራ ከተገኘች ጥፋቱ የመብረቅ፣ ደህና ከሆነች የሰው ነው። ይህን ትልልቆቹ ሁሉ ያውቁታል። እኔ የማውቀው ሆዷን ብቻ ነበር።

አጎቴ ቶሌፍ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከእኛ ጋር እየኖረ ላሞቹን ያልባል፣ ድርቆሽ ያስገባል። በአካባቢው ከእሱ የሚረዝም ሰው አልነበረም፤ በየበሩ ጎንበስ እያለ ከመግባቱ የተነሳ ሜዳ ላይም ጎንበስ ይል ነበር። ትከሻው ላይ ሲያወጣኝ የወጥ ቤቱ ጣሪያ አፍንጫዬን ይነካኛል። እሱ ላይ የነበረው ሽታ የላምና የትምባሆ ነው፤ እስከ ዛሬ የሁለቱን ሽታ ለያይቼ ማሰብ ያቅተኛል።

ያን ትምባሆ በተመለከተ ኋላ የሰማሁት ነገር አለ። በረታችን ከመቃጠሉ በፊት በነበረው ዓመት የማኅበሩ ሊቀመንበር ጉንደር በድንገት ግቢያችን ሲገባ ቶሌፍን ድርቆሹ ላይ ጋደም ብሎ ፒፓ ሲያጨስ አገኘው። በረቱ አጠገብ ዳግመኛ እሳት እንዳይጭር በማኅበሩ ፊት መጽሐፍ ቅዱስ አስይዘው አስማሉት። እናቴ ሲግኔ ዋስ ሆነችለት። ጉንደርም «ሲግኔ፣ ወንድምሽን በአንቺ አንገት ነው የለቀቅነው» አላት አሉ።

እሳቱ የተነሳው በሐምሌ፣ ድርቆሹ ገብቶ ባለቀ ሰሞን ነው። ራት በልተን ጨርሰናል። ሰማዩ ከቀትር ጀምሮ ሲያጉረመርም ውሎ ዝናብ ግን አልጣለም። አባቴ ሃልቮር ደጃፉ ላይ ቆሞ «ዛሬም አፉን ብቻ ነው» ሲል ትዝ ይለኛል። ከዚያ ላሞቹ ጮኹ። ላም እንዲያ ስትጮህ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

እናቴ እርጥብ ብርድ ልብስ አልብሳ የድንቹ ማሳ ውስጥ ተከለችኝ። «ራግና፣ ከዚህ ንቅንቅ ብትዪ ወየውልሽ!» አለችኝና ባልዲ ፍለጋ ሮጠች። አባቴና አያቴ የመኖሪያ ቤቱን ጣሪያ ውሃ ያለብሳሉ። ቶሌፍ ራሱ ላይ ጆንያ ጥሎ በረቱ ውስጥ ይገባል፣ ላም እየጎተተ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የፊቴ ቆዳ እስኪወጠር ሞቆኝ ነበር። አንዲት ጥጃ ብቻ ውስጥ ቀረች። የበረቱ ጣሪያ ሲደረመስ አያቴ ባርኔጣውን አወለቀ።

ጠዋት በረቱ የነበረበት ቦታ ጥቁርና የሚጤስ ነበር። የዕጣን ሽታ ሳይሆን የረጠበ ከሰልና የተቃጠለ ጠጉር ሽታ ነበረው። ሁለቱ ኳሶች ፍሙ ውስጥ ቀልጠው ጠፍተዋል። ሦስተኛው ዘንግ ግን ጣሪያው ሲናድ ወደ ውጭ ወድቆ የፍጉ ክምር ላይ ተጋድሟል፤ ከጎኑ ኳሷ ግማሽ ድረስ ፍግ ውስጥ ገብታ ተቀምጣለች።

አወጣኋት። ከባድ ትሆናለች ብዬ ነበር፣ ቀላል ናት። በቀሚሴ ጠረግኳት። ውስጧ መብረቅ እንዳለ አውቃለሁና እንደ እንቁላል ነው የያዝኳት።

እናቴ ከኋላዬ መጣች። ፊቷ በጥላሸት ጠቁሮ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። የያዝኩትን ስታይ ቆመች።

«ማን አየ?» አለች።

«ማንም አላየ።»

«አባትሽስ?»

«ጫማውን ሳያወልቅ ተኝቷል።»

«ቶሌፍ?»

«አጥሩ ጋ ላሞቹን እያለበ ነው።»

ኳሷን ተቀበለችኝ። በምራቋ እያረጠበች ጠረገቻት፤ ዓይኗ ድረስ አስጠግታ፣ ወደ ፀሐይ አዙራ፣ ዙሪያዋን አንድ በአንድ አየቻት። እኔ መብረቁ መኖር አለመኖሩን የምታይ መሰለኝ። የምትፈልገው ስንጥቅ ነበር። አንዲት ስንጥቅ ብታገኝ ኖሮ ይህን ሁሉ የምተርክበት ምክንያት አይኖረኝም።

አላገኘችም። ኳሷን በሽርጧ ጠቀለለቻት፣ የውሃ መሳቢያው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻትና መዶሻ አነሳች። እኔ ወደ ኋላ አፈግፍጌ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፈንኩ፤ ግቢው ሁሉ የሚነድ መስሎኝ ነበር። ከእጆቼ መሐል የሰማሁት «ጠቅ» የሚል ትንሽ ድምፅ ነው። እናቴ ሽርጧን ይዛ ወደ ፍጉ ሄደች፤ ስብርባሪውን ለዶሮ ጥሬ እንደምትበትን በዘንጉ ዙሪያ በተነችው፣ በላዩም ዓመድ ነሰነሰችበት።

«ራግና፣ አንቺ ኳስ አላገኘሽም።»

«አላገኘሁም።»

«ጎበዝ።»

መብረቁን ለቀቀችው ብዬ አመንኩ። እንዲህ የታሰረ ነገር ቤት አጠገብ ከሚቀመጥ በጠዋቱ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ቢለቀቅ ይሻላል ብላ ነው። መዶሻ ይዛ መብረቅ ላይ የምትሄድ ሴት በዓለም ላይ አንዲት ብቻ እንደሆነች፣ እሷም የእኔ እናት እንደሆነች ቆጠርኩ። ኩራቱ ለሳምንታት አልለቀቀኝም።

የማኅበሩ ሰዎች እኩለ ቀን ሳይሆን መጡ፤ ጉንደርና ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። ጉንደር በትሩን እያስቀደመ ቀጥ ብሎ ወደ አጎቴ ሄደ።

«እህስ ቶሌፍ፣ ፒፓህ እንደምን ሰነበተች?»

«ደህና ናት ጋሽ ጉንደር። ከእርስዎ ምላስ ትቀዘቅዛለች።»

«አትቀየመኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።»

«እርስዎ እንደሆነ መመንጠርም አይፈሩ፤ ራስዎ ላይ ምን ቀርቶ!» አለ ቶሌፍ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጉንደር ግን መላጣውን እየዳበሰ ዓይኑን ከአጎቴ ላይ አላነሳም። አባቴ እጁን አጣምሮ ቆሟል። በረዶው ሳይመጣ በረት ካልቆመ ላሞቹ እንደሚያልቁ፣ ላሞቹ ካለቁ እኛም ከዚህ መሬት እንደምንለቅ ከፊቱ ይነበባል፤ እኔ እንኳ ያነበብኩት ይህን ነው።

ሰዎቹ ዓመዱን በበትር እየቆፈሩ ዞሩ። ከዚያ አንደኛው ከፍጉ ክምር በኩል «እዚህ ነው!» ብሎ ተጣራ። ጉንደር ሄዶ አጎነበሰ፤ አንድ ሰማያዊ ስባሪ አንስቶ በአውራ ጣቱ ዓመዱን ጠረገ። እናቴን አየኋት። ዓይኗ አውራ ጣቱ ላይ ነው።

«በሉ እንግዲህ» አለ ጉንደር ባርኔጣውን እያወለቀ። «ከላይ ነው የመጣው። መብረቅና የስዊድን አማት ሳይጠሯቸው ነው የሚመጡት።» አባቴ ሳቀ፣ ሳቁ መሐል ላይ ለቅሶ ሆነበት። እናቴ የድንች ቂጣና የቀዘቀዘ አሬራ አቀረበች። እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ፣ አናጢው ማን እንደሚሆን እዚያው ቆመው ተስማሙ። ጉንደር ሲወጣ ቶሌፍን ትከሻው ላይ መታ አድርጎ «ይቅር በለኝ» አለው። ትከሻው ላይ ለመድረስ ተንጠራርቶ ነው።

ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። እኔ ግን መብረቁ የት እንደሄደ እያሰብኩ ሰማይ ሰማዩን እመለከት ነበር።

በዚያው ከሰዓት በኋላ ወተት ከምናቀዘቅዝባት ጎጆ ጀርባ ተቀምጬ ሳለ እናቴና ቶሌፍ ገቡ። ግድግዳው ሳንቃ ነው፤ ድምፁ ሁሉ ይሰማል።

«አላጨስኩም እኮ ነው የምልሽ!»

«ቀስ ብለህ ተናገር።»

«ሲግኔ፣ በእናታችን አጥንት—»

«እናታችንን ተዋት! ኳሷ ደህና ነበረች። በእጄ ይዤ አገላብጬ አይቻታለሁ፤ ጭረት አልነበረባትም።»

 «ኳስ ምን ታውቃለች?» አለ ቶሌፍ።

«መብረቅ እንዳልነበረ ታውቃለች። በሽርጤ ጠቅልዬ የሰባበርኳት እኔ ነኝ፣ ላንተ ብዬ። እነዚያ ሰዎች በእኔ ውሸት እንጨት ይዘው ሊመጡ ነው። አንተ ከእነሱ ጋር ማዕድ ልትቀመጥ ነው? ሂድ። ነገ ሂድ።»

«ስሚኝ እስቲ፣ አንድ ጊዜ—»

«አልሰማህም።»

«እስከ መቼ ነው የምሄደው?»

«የሚሠሩት በረት ቆሞ እስካለ ድረስ።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የገባኝ እናቴ ኳሷን እንደሰበረችና ቶሌፍ በቶሎ መሄድ እንዳለበት ነው። የቀረውን ራሴ ሞላሁት። መብረቁ ተለቋል፤ መብረቅ ደግሞ ረጅም ሰው ይወዳል። በአካባቢያችን ረጅሙ ቶሌፍ ነው። እናቴ ወንድሟን ከሞት ልታተርፈው ነው የምታሸሸው። አልሰማህም ያለችውም ስለምትወደው መሆኑን አልተጠራጠርኩም። ስለምትወደው ለመሆኑ ዛሬም አልጠራጠርም።

ጠዋት የወተት መኪናው ሲመጣ ቶሌፍ የካርቶን ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። እናቴ አልወጣችም። አባቴ ነገሩ ግራ ገብቶት «በረቱ እንኳ ሳይሠራ? ምን ዓይነት ሰው ነህ!» እያለ ይነጫነጫል። አባቴ እስኪሞት ድረስ ቶሌፍን ሥራ ሸሽቶ የሄደ ሰነፍ እያለ ነው ያማው።

እኔ ሮጬ ሱሪውን ያዝኩት። «አጎቴ፣ ነጎድጓድ ስትሰማ ቁጭ በል፣ እሺ? አትቁም።»

«ለምን ቁጭ እላለሁ?»

«ረጅም ስለሆንክ ነዋ።»

አየኝ። ከዚያ እዚያው አቧራው ላይ ቁጢጥ አለ፤ ጉልበቱ ጆሮው ጋ ደረሰ። «እንዲህ ነው?»

«ከዚያም ዝቅ በል።»

«ከዚህ በላይ ዝቅ ማለት አልችልም፣ ራግናዬ» አለኝና ተነስቶ መኪናው ላይ ወጣ።

መስከረም ሳይገባ በረቱ ቆመ። ቶሌፍ ወደ ምዕራብ፣ ዋሽንግተን ግዛት ሄዶ ዛፍ ቆራጭ ሆኗል የሚል ወሬ ደረሰን። ደስ አለኝ፤ እዚያ ከእሱ የሚረዝም ነገር ሞልቷል ብዬ ነው። ዓመታት አልፈው ከነዚያ ዛፎች አንዱ ወድቆበት ሞተ። እናቴ ለቀብሩ አልሄደችም። «መንገዱ ሩቅ ነው» አለች፣ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

አባቴን በቀበርን ሰሞን ነው ሁሉንም የነገረችኝ። ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር «በረቱን ያቃጠለው አጎትሽ ነው። ለአባትሽ አልነገርኩትም» አለች። እኔም የልጅነት ታሪኬን ጥዬ የእሷን ተቀበልኩ። አፈርኩለት፣ ትንሽም ተቆጣሁት። ሰው እንዴት ዋስ የሆነችለትን እህቱን እንዲህ ያደርጋል አልኩ። ሁለተኛው ታሪክ የትልቅ ሰው ታሪክ ስለነበር እውነት መሰለኝ።

ከዛሬ ጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ ዌንደል የሚባል ሽማግሌ በራችንን አንኳኳ። እናቴ ዘጠና ዓመቷን አልፋ የቤተ ክርስቲያናችን የአረጋውያን ቤት ገብታለች፤ ግቢው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ሰውዬው የጣሪያ ኳሶች ይሰበስባል፤ በመንገድ ሲያልፍ የመኖሪያ ቤታችንን ኳስ አይቷት ነው። መሰላል አቁሞ፣ በዚያ ዕድሜው ወጥቶ፣ አወረዳት። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ከላይና ከታች ያለውን የነሐስ ክዳኗን ፈታ፣ አንገቷን በጣቱ ዳሰሰ።

«ኢንዲያና ነው የተሠራችው» አለ። «በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በአፍ የተነፋች ናት። ይኸውልሽ፣ የቅርጹ ሁለት ክፋይ የተጋጠመበት መስመር ይታያል። ቆንጆ ናት።»

«ለምን ነበር የሚሠሯት?»

«ለውበት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የላትም። ዘንግ ብቻውን ሲታይ ሹካ ነው የሚመስለው፤ ጣሪያዬ ላይ ሹካ አልሰካም የሚል ገበሬ በዛ። ሻጮቹ ጌጥ ጨመሩበት።»

«መብረቅ ሲመታ ትሰበራለች ይባላል።»

ሳቀ። «ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለኝ! የሻጭ ወሬ ነው። መብረቁ በብረቱ ወርዶ ነው መሬት የሚገባው፤ እሷ ጎን ቆማ ታየዋለች። ልትሰበር ትችላለች፣ ላትሰበርም ትችላለች። መብረቅ ደጋግሞ ከመታው የትምህርት ቤት ጣሪያ ያወረድኳት አለችኝ፣ እንከን የላትም። አብዛኞቹን የጨረሳቸው በረዶና ወንጭፍ የያዘ ልጅ ነው።»

ከጎኑ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አንቺ ምን ሆንሽ አለኝ፤ ምንም አልሆንኩም አልኩት። ኳሷን ውሰዳት ስለው ደንግጦ ሁለቴ ጠየቀኝ።

ለእናቴ ላለመናገር ወስኜ ነበር። ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሟቹ ሞቷል፣ እሷም የቀራት ጥቂት ነው። ችግሩ እሑድ ነው። እሑድ እሑድ አልጋዋ አጠገብ ስቀመጥ ጮክ ብላ ትጸልያለች፣ መጨረሻ ላይም ሁልጊዜ «ወንድሜን ቶሌፍን ጥፋቱን ይቅር በለው» ትላለች። ይህን ለዓመታት «አሜን» ስለው ኖሬያለሁ። ዌንደል ከመጣ በኋላ ባለው እሑድ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። ቀና ብላ አየችኝ።

ነገርኳት። ሳላሳጥርም ሳላስረዝምም፣ ሰውዬው ያለውን እንዳለ ነገርኳት። ጆሮዋ ደህና ነው፣ አእምሮዋም እንደዚያው። እጇን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግታ ሰማችኝ።

«ሰውዬው ያን ቀን እዚያ ነበር?» አለች።

«አልነበረም።»

«ታዲያ መብረቅ ነው ይላል?»

«አይልም። ኳሷ ስለምንም ነገር አትመሰክርም ነው የሚለው።»

«ደህና ነበረች። አንቺ ነሽ ያገኘሻት፣ ደህና አልነበረችም?»

«ደህና ነበረች፣ እማ።»

«ታዲያ!» አለች። ያሸነፈች መስላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ኮቴን አንስቼ ልሄድ ስል፣ የተኛች መስሎኝ ነበር፣ እንደዚያው ጀርባዋን ሰጥታኝ ተናገረች።

«ፒፓው ከነትምባሆ ከረጢቱ ወጥ ቤቴ መስኮት ላይ ነበር። ራት ስንበላ ባስቀመጠበት። በረቱ እየነደደ ባልዲ ላነሳ ስገባ አየሁት።»

«አየሽው? ያኔ?»

«አየሁት። ሌላ ፒፓ ይኖረዋል አልኩ» አለች እናቴ። «ወንድሜ እየማለልኝ፣ ብርጭቆ አመንኩ።»